በሰንደቁ ላይ የተጻፈው

በ2071 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ በሐዲስ ወደብ ከተማ ውሃ ከጠፋ አርባ አንድ ቀን ሆኖት ነበር። ሰንደቆቹ ግን ንጹሕ ነበሩ።

ንጹሕ የሆኑት በአብዛኛው በስንዱ ዳምጠው እጅ ነው። ስንዱ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ዓመት በከተማዋ የሰንደቅ ክብካቤ ጽሕፈት ቤት በሰፊነትና በጠጋኝነት ሠርታለች። ዝምተኛ ናት፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፣ የጣቷ ጫፍ በመርፌ ከመወጋት ብዛት ደድሯል። ከሥራ ባልደረቦቿ መካከል የተቀደደ ሰንደቅ ሰፍታ ስፌቱ የት እንደነበር እንዳይታወቅ የምታደርግ እሷ ብቻ ናት።

በሐዲስ ወደብ ጠዋት የሚጀምረው በሞተር ድምፅ ነው። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በየጣሪያው ያሉት ትንንሽ ሞተሮች አብረው ያጉረመርማሉ፤ ሰባ ሺህ ሰንደቅ በአንድ ጊዜ ይወጣል። መንገድ ላይ ያለ ሰው ባለበት ይቆማል። ጥርሱን እያጠበ ያለም አፉ አረፋ እንደሞላ ይቆማል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሞተሮቹ ዝም ሲሉ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይሄዳል።

በእያንዳንዱ ሰንደቅ ጠርዝ ላይ ጠባቂ ክር የሚባል ነገር ተሸምኗል። ክሩ ጭስ ያውቃል፣ ቅባት ያውቃል፣ የጣት ላብ ያውቃል። የቀለሙ ልክ ከሰማንያ በታች ከወረደ የባለቤቱ ስልክ ይጮኻል፤ ከሰባ በታች ከሆነ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ደወል ይጮኻል። በሐዲስ ወደብ ፀሐይ አንድ አዲስ ሰንደቅ ሰባ ላይ ለመድረስ ስድስት ሳምንት ይበቃዋል። ስለዚህ ሰው ሽንኩርት ሲያቁላላ መስኮቱን ይዘጋል። የታጠበ ልብስ የሚሰጣው ሰንደቁ በሌለበት በኩል ነው። ልጆች በሰንደቅ አጠገብ ሲያልፉ ማስነጠስ ከመጣባቸው ፊታቸውን ወደ መንገዱ ማዞር ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ይማራሉ።

ክሩ ድምፅ አይሰማም። ይህን ስንዱ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ በገዛ እጇ ስንቴ ፈትታ አይታዋለች። ሌላው ሰው ግን አያምንም። ሰንደቅ ሥር ሲደርስ ድምፁን ይቀንሳል፣ በተለይ ስለ ኑሮ ወይም ስለ ውሃ እያወራ ከሆነ።

ሕጉ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ስንዱ ልጅ ሳለች የተከለከለው ማቃጠል ብቻ ነበር፤ ያንን ክልከላ የተቃወመ ሰው አታስታውስም። ማን ተነሥቶ ሰንደቅ ያቃጥላል? ከዚያ መቅደድ ተጨመረ፣ ከዚያ መርገጥ፣ ከዚያ መልበስ፣ ከዚያ አቧራ እስኪይዝ መተው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ደግሞ «ማናቸውንም ምልክት፣ ሥዕል ወይም ጽሑፍ ማሳረፍ» የሚል ሐረግ ገባ። ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ነው።

ስንዱን ይህ ሁሉ ቅር አይላትም ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ታላቅ ወንድሟ በላቸው ለሰላም ማስከበር ከሄደበት አገር በሳጥን ተመልሶ መጥቷል። ሳጥኑን እንዳይከፍቱ ተነገራቸው። ስለዚህ ስንዱ ወንድሟን የተሰናበተችው በሳጥኑ ላይ የተዘረጋውን ሰንደቅ በመዳፏ እየዳሰሰች ነው፤ በእጇ የቀረላት ስሜት የጨርቁ ነው። ወደዚህ ሥራ ስትገባ ምክንያቷን ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም ለማንም አልነገረችም።

ሐምሌ አሥራ ሰባት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ የጽሕፈት ቤቱ ደወል ጮኸ። እንደ ቀለም መደብዘዝ አጭር ጩኸት አይደለም፤ ረጅሙ ነው። ስንዱ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሣች። ሕዝቡ «ደራሿ» የሚላት መኪና ሞተሯን አስነሥታ ትጠብቃለች። ከሾፌሩ አጠገብ የቡድኑ ኃላፊ አቶ ግዛቸው ተቀምጧል፤ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ሥራውን የሚፈራ፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። ከኋላ ሦስት መቶ ሊትር የተጣራ ውሃ የያዘ ታንከር አለ። የቆሸሸ ሰንደቅ ከመውረዱ በፊት በተሰቀለበት መታጠብ አለበት ስለሚል ሕጉ፣ ታንከሩ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። በአርባ አንዱም ቀን አንድ ጣሳ ጎድሎ አያውቅም።

«ቁጥር ስድስት ጤና ጣቢያ» አለ ግዛቸው ስልኩን እያየ። «ፈሳሽ ነገር ነው ይላል። ብዙ።»

ከጤና ጣቢያው በር ሲደርሱ ስንዱ መጀመሪያ ያየችው ሐምራዊውን ቀለም ነው። ሰንደቁ ከዘንጉ ላይ ግማሽ ድረስ ወርዷል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንድ ስንዝር ቁመት ባላቸው ፊደሎች ተጽፎበታል። «ውሃ የለንም። እናቶች እየሞቱ ነው።» ፊደሎቹ የተጻፉት ቁስል ላይ በሚቀባው በጂቪ ነው፤ አንዳንዱ ገና እየወረደ ነበር።

ስንዱ የመኪናውን በር እንደያዘች ቆመች። አንድ ሰው በበላቸው ሳጥን ላይ ቆሞ የጻፈ ያህል ነው የተሰማት። እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ያደረገውን ሰው ብታገኘው በጥፊ የምትመታው መሰላት።

ያደረገችው ሰው ግን በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት አካባቢ የሆነች፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ናት። የቀኝ እጇ እስከ አንጓዋ ሐምራዊ ሆኗል።

«ማን ነው ይህን ያደረገው?» አለ ግዛቸው ከመኪናው እየወረደ።

«እኔ ነኝ። ሲስተር ፈርሂያ አደም እባላለሁ፣ አዋላጅ ነኝ። ስምንት ደቂቃ ፈጀባችሁ።» ድምፅዋ ይቸኩላል እንጂ አይንቀጠቀጥም። «አሁን ውሃውን አስገቡልኝ። ውስጥ ምጥ ላይ ያለች ልጅ አለች።»

ግዛቸው ሐምራዊ እጇን አየ። «ምን እንዳደረግሽ ገብቶሻል?»

«በደንብ።»

«ውሃው የሰንደቁ ነው፣ ሲስተር።»

«አውቃለሁ። ለዚህ አይደል የጠራኋችሁ?» አለች። «አሥራ አራት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ለአሥራ አራቱም ‹መልእክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን› የሚል መልስ መጥቶልኛል። ባለፈው ወር ያዋለድኳቸው ሁለት እናቶች በኢንፌክሽን ታመሙብኝ፣ እጄን የምታጠብበት ስላልነበረኝ። አንዷን ቀብረናታል። በዚህ ከተማ ሲጠሩት የሚመጣ ነገር እናንተ ብቻ ናችሁ።»

በዚህ መካከል ከውስጥ ጩኸት ተሰማ። ረጅም ነበር፤ ሲያልቅ ሾፌሩ ራሱ መሪውን ለቆ ወርዷል።

ስንዱ የውሃውን ጎማ ይዛ ቆማለች። ንዴቷ አልበረደም። ሴትዮዋን ማየት አልፈለገችም፣ ሰንደቁንም ማየት አልፈለገችም። ጩኸቱን ግን ሰምታዋለች።

«አቶ ግዛቸው» አለች። «ጂቪ በውሃ አይለቅም።»

«ምን?»

«በውሃና በሳሙና አይለቅም እልዎታለሁ። ሦስት መቶውንም ሊትር ባፈስበት እዚያው ነው።»

«መመሪያው ይታጠብ ነው የሚለው፣ እትዬ ስንዱ!»

«አጥበዋለሁ። ለመመሪያው አንድ ባልዲ ይበቃኛል።»

ግዛቸው ወደ ዘንጉ ቀና ብሎ አየ፣ ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ መንገዱን ተሻገረና ለፖሊስ መደወል ጀመረ። ጀርባውን ሰጥቷቸው ነው የቆመው። እስከ ዛሬ ድረስ ስንዱ ሆን ብሎ ይሁን አይሁን አታውቅም። እሷና ሾፌሩ ታንከሩን ከፍተው በባልዲ፣ በጄሪካን፣ በሳፋ ማመላለስ ጀመሩ። ፈርሂያ እጇን እስከ ክርኗ ድረስ በሳሙና ፈትጋ፣ ደግማ ፈትጋ፣ ሦስተኛ ፈትጋ ገባች። ሐምራዊው ግን አልለቀቀም።

ልጅቱ አያንቱ ትባላለች፣ የጭነት አውራጅ ሚስት ናት። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሴት ልጅ ወለደች። የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ደም ስለበዛ ፈርሂያ እጇን አስገብታ ማውጣት ነበረባት። ስንዱ በሩ ላይ ሙቅ ውሃ ይዛ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ከዚያ ፈርሂያ ወጣች፣ ፊቷ በላብ ርሷል፣ «ደህና ናት» አለች፤ ከግድግዳው ሥር የሚጠብቁትን ሁለት ፖሊሶችም አየቻቸው። «ጋዋኔን ልቀይር» አለቻቸው። ቀይራ መጣች፤ ወሰዷት።

ስንዱ ሰንደቁን በአንዱ ባልዲ አጥባ፣ አውርዳና አጥፋ መኪናው ላይ ስታስቀምጥ እጇ እርጥብ ነበር። አልቅሳ እንደሆነ አላስተዋለችም።

በጽሕፈት ቤቱ ቅጽ ሰባት የሚባል ወረቀት አለ። ለእያንዳንዱ ጉዳት አንድ ይሞላል፦ የጨርቁ ስፋት፣ የቀለሙ ልክ፣ የክሩ ሁኔታ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «የሰንደቁ ክብር ተነክቷል / አልተነካም»። ባለሙያው ከሁለቱ አንዱን ያከብባል። ፍርድ ቤት መጀመሪያ የሚያየው ይህንን መስመር ነው።

ስንዱ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ «ተነክቷል» የሚለውን ሦስት ጊዜ አክብባለች። ሁለቱን አትጸጸትባቸውም። ሦስተኛው የአንድ ጎሚስታ ጉዳይ ነበር። ሰውየው ጎማ እየለጠፈ ሳለ ነፋስ ሰንደቁን ፊቱ ላይ ጣለበት፤ በግሪስ እጁ ያዘው፣ አምስት ጣት ታተመ፤ ይህ በሕጉ «ምልክት» ነው። የዚያን ጊዜው ኃላፊ «ይህችን አክብቢያትና እንሂድ» አላት፤ አከበበች። ሰውየው አምስት ዓመት ተፈረደበት። ስንዱ ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ስታልፍ ጎሚስታ ቤቱ ስልክ መጠገኛ ሆኖ አየችው፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ ቀይራ ነው የምትሄደው።

የጤና ጣቢያውን ቅጽ ሞላች። ስፋቱን ጻፈች፣ ቀለሙን ጻፈች፤ «ጽሑፉ በውሃና በሳሙና አይለቅም» ብላ እውነቱን ጻፈች። የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ብዕሯን አስቀመጠች።

«እትዬ ስንዱ፣ አንዲት ክብ ናት እኮ» አላት ግዛቸው በማግሥቱ፣ ቅጹን ይዞ ከወንበሯ አጠገብ ቆሞ።

«አንዲት ክብ ከሆነች እርስዎ ያክብቡልኝ።»

«ባለሙያዋ እርስዎ ነዎት። ደግሞ እርስዎ ራስዎ ተናደው ነበር፤ አይቼዎታለሁ።»

«ተናድጃለሁ። አሁንም ተናድጃለሁ» አለች ስንዱ። «ወረቀቱ ግን ተናደሻል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።»

ግዛቸው ተነፈሰ። «ከላይ ይጠይቁኛል። እኔም ልጆች አሉኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባዶውን ከላክሁት ለምስክርነት ይጠሩዎታል» አላት።

«ይጥሩኝ።»

ከደራሿ አወረዷት። አምስት ሳምንት ሙሉ በጓዳው ክፍል የሰንደቅ ጠርዝ ስትዘመዝም ቆየች። በእነዚያ ቀናት የፈርሂያ ስም በየስልኩ ዞረ። ከፊሉ «ጀግና» አላት፣ ከፊሉ «ሰንደቅ የምታዋርድ አዋላጅ» አላት፤ በመንገድ ላይ ግን ስሟን ጮክ ብሎ የሚጠራ አልነበረም። ውሃው ራሱ ፈርሂያ በታሰረች በሃያኛው ቀን መጣ። ለምን እንደጠፋ ያስረዳ የለም፣ እንዴት እንደመጣም እንዲሁ።

ችሎቱ በዋለበት ጠዋት የተከሳሿ ጠበቃ ስንዱን በኮሪደሩ ላይ አገኛት። ወጣት ነው፤ ክራቫቱን ደጋግሞ ያስተካክላል።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የጂቪ ጠርሙስ ከላይ ቢደፋ፣ ጨርቁ ላይ ሲወርድ ፊደል የሚመስል ቅርጽ ሊሠራ ይችላል? ‹ይቻላል› ቢሉልኝ በቂ ነው። ጉዳዩ በቸልተኝነት ታይቶ ዛሬውኑ ትፈታለች።»

ስንዱ አየችው። «‹እናቶች እየሞቱ ነው› ብሎ የሚደፋ ጠርሙስ አላውቅም፣ ልጄ።»

ጠበቃው ሳይወድ ሣቀ። «እሷም እንደዚሁ ነው ያለችኝ።»

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሦስት ዳኞች ተቀመጡ፤ መካከል ያሉት ዳኛ ኦብሴ ጉተማ የሚባሉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሰው ሲናገር ራሳቸውን ዘንበል አድርገው የሚያዳምጡ ሴት ናቸው። ሰንደቁ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተዘርግቶ ከዐቃቤ ሕጉ ጠረጴዛ ፊት ቆሟል። ጂቪው ደርቆ ወደ ጥቁር እያደላ ነበር።

ጠበቃው ተነሥቶ ስለ ጠርሙሱ መናገር ሲጀምር ፈርሂያ እጇን አነሣች።

«የተከበረው ፍርድ ቤት፣ አልተደፋብኝም» አለች። «ጻፍኩት።»

በአዳራሹ ውስጥ ሹክሹክታ ሆነ። ጠበቃው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ሰንደቁ ከቆሸሸ ውሃ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር» አሏት ዳኛ ኦብሴ። «ጭቃ ቢቀቡት ይበቃ ነበር። ለጭቃ ቅጣቱ ማስጠንቀቂያ ነው። ለምን ጻፉ?»

ፈርሂያ ጥቂት አሰበች። «ጭቃ ብቀባው ያጥቡትና ይሄዳሉ። ለምን እንደመጡ እንዲያውቁ ፈለግሁ» አለች። «ደግሞም ለሌላ ለማን ልጻፍ? ለሁሉም ጽፌያለሁ። እዚያ ላይ የጻፍኩት አገሬ ታነበዋለች ብዬ ነው።»

ከዚያ ስንዱ ተጠራች። ወደ መመስከሪያው ቦታ ሄዳ ቆመች። ዐቃቤ ሕጉ በትሕትና ነው የጠየቃት። ሃያ ሁለት ዓመት መሥራቷን አስነገራት፣ የጨርቁን ጉዳት አስነገራት። ከዚያም፦

«ወይዘሮ ስንዱ፣ ሰንደቁን በዚያ ሁኔታ ሲያዩት ምን ተሰማዎት?»

ለማንም ያልነገረችውን በመቶ ሰው ፊት ነገረች። ስለ በላቸው ተናገረች። እንዳይከፈት ስለተባለው ሳጥን፣ ስለ መዳፏ። «ሐምራዊውን ሳይ በወንድሜ ሳጥን ላይ የተጻፈ መሰለኝ። ሲስተሯን በጥፊ ብመታት ደስ ይለኝ ነበር» አለች። ፈርሂያ ራሷን ደፍታ ነበር።

«ስለዚህ ክብሩ ተነክቷል» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«እኔ ተነክቻለሁ» አለች ስንዱ። «ስለ ጨርቁ ይጠይቁኝ፣ እነግርዎታለሁ፤ ስንት ክር እንደጎዳ ቆጥሬያለሁ። ክብሩን ግን በምን እለካዋለሁ? አንድ ጊዜ ለክቼው ነበር። አንድ ጎሚስታ አምስት ዓመት ታሰረበት። ከዚያ ወዲህ በዚያ መስመር ላይ የምጽፈው የሰንደቁን ክብር ሳይሆን የሰውን ዕድሜ እንደሆነ ገብቶኛል።»

ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን ገለጠ። «እንግዲያው እንደ እርስዎ ያለ፣ ሐዘን ያለበት ሰው ምን ይሁን? ዝም ብሎ ይዋጠው?»

ስንዱ ወደ መስተዋት ሣጥኑ ዞረች። ዳኛ ኦብሴ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ጠየቋት። «ጥያቄው ጥሩ ነው። እርስዎ ተከሳሿ ላይ ምን እንዲሆን ይፈልጋሉ?»

«ልነግራት ነው የምፈልገው» አለች ስንዱ ሳታስበው። «ምን እንዳደረገችኝ። ፊት ለፊት። አምስት ሳምንት ሙሉ ክብሩ ተነክቷል አልተነካም ብላችሁ ስትጠይቁኝ፣ ሂጂና ንገሪያት ያለኝ ሰው የለም። አሥራ ሁለት ዓመት ከታሰረች ደግሞ ለማን ልነግር ነው?»

ዳኞቹ በስድስት ሰዓት ለምሳ ወጡ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ተመለሱ። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ስንዱ አንድ ጉርሻ አልበላችም። ከአዳራሹ ውጭ ባለ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ «ከተፈረደባት ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ስለ ወንድሜ ባልናገር ኖሮ» እያለች ራሷን ስትወቅስ ነበር። ሾፌሩ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። እሱም አልበላም።

ፍርዱን ያነበቡት ዳኛ ኦብሴ ናቸው። ውሳኔው በድምፅ ብልጫ ነበር፤ በስተግራቸው ያሉት አዛውንት ዳኛ በሐሳብ ተለይተዋል። የእሳቸው ሐሳብ መጀመሪያ ተነበበ፦ ሰንደቅ ሰው ሁሉ ከሚጣላበት ነገር አንድ እንኳ ሳይነካ እንዲቀር የምንስማማበት ነው፤ እሱም የመጣላት ሰሌዳ ከሆነ የጋራ የምንለው ምን ይቀረናል? ይህ ሲነበብ ስንዱ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች፤ ሐሳቡ የእሷም ነበርና። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ለፈርሂያ ፈራች።

ከዚያ ሌላኛው ገጽ ተገለጠ።

«ሰንደቅ ዓላማው የዜጋ ሁሉ ነው ስንል» አሉ ዳኛዋ፣ «የተከሳሿም ነው ማለታችን ነው። አንድ ዜጋ በእሱ ላይ ችግሩን ሲጽፍ የሚከፋው ሰው ይኖራል። ዛሬ አንዲት ምስክር ከፍቷት አይተናል፤ ሐዘኗን እናከብራለን። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ሲጠብቅ፣ ማንንም የማይጎረብጠውን ንግግር ብቻ እንዲጠብቅ አልተጻፈም። እንዲህ ያለው ንግግር ጠባቂ አይፈልግም። ጽሑፍን የሚመለከተው የአዋጁ ሐረግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል፤ ተፈጻሚነት አይኖረውም። የቅጽ ሰባት የመጨረሻ መስመርም ለማስረጃነት አይቀርብም። ስለ ጨርቁ ጉዳት ጤና ጣቢያው ከሠራተኛዋ ጋር ይነጋገር። ተከሳሿ በነፃ ትሰናበት።»

ከዚያ ከኋላ ረድፍ አያንቱ ሕፃኗን ታቅፋ እልል አለች፤ ፖሊሱ ጸጥ ሊያሰኛት ተነሣ፣ ዳኛዋን አየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ስንዱ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። አምስት ሳምንት ሙሉ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰቅሎ እንደነበር ያወቀችው ሲወርድ ነው። ሾፌሩ ደጋግሞ «ተመስገን፣ ተመስገን» ይላል፤ በአዳራሹ ማዶ ግዛቸው፣ ለምስክርነት ሳይጠራ ቀርቶ በራሱ ፈቃድ የመጣው ግዛቸው፣ ፊቱን በመሐረብ ይጠርጋል።

ፈርሂያ ልብሷን የያዘች ትንሽ ፌስታል አንጠልጥላ በዋናው በር ወጣች። ሰው ከቧት ነበር፣ አንዱ ስልክ ይደቅንባታል፣ አንዱ እጇን ይስማል። እሷ ግን ዓይኗ ይፈልግ ነበር። ስንዱን አውቶቡስ ፌርማታው ጥላ ሥር ስታያት ሰዉን ትታ መጣች።

«እትዬ ስንዱ።»

«ሲስተር።»

ፈርሂያ ከስታለች። እጇ ነጽቷል፣ በጥፍሯ ሥር ብቻ ትንሽ ሐምራዊ ቀርቷል።

«እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» አለች ስንዱ። ከልቧ ነው ያለችው። ከዚያ ቀጠለች። «አሁን ልንገርሽ።»

«ይንገሩኝ።»

«ክፉኛ ነው ያስቀየምሽኝ። ግድግዳው ነበረልሽ። በሩ ነበረልሽ። የአምቡላንሱ ጎን ነበረልሽ። በላቸው ለብሶት በሄደው ላይ ነው የጻፍሽው። ውሃውን ስሸከምልሽ ራሱ እየረገምኩሽ ነበር።»

ፈርሂያ አልተቆጣችም፣ ይቅርታም አልጠየቀችም። ፌስታሏን መሬት አስቀምጣ ከአጠገቧ ተቀመጠች።

«ግድግዳው ላይ ጽፌ ነበር» አለች። «ሦስት ሳምንት ቆየ። ዝናብ ሲመጣ ጠፋ፤ ማንም አላነበበውም።» ወደ ስንዱ ዞረች። «የሞተችውን እናት ስም ልንገርዎት? ሰዓዳ ነበር የምትባል። ልብሷን እንኳ አጥቤ ለባሏ መስጠት አልቻልኩም፤ በደም እንደተነከረ ነው የሰጠሁት። በእኔም እጅ የቀረው ስሜት የጨርቅ ነው፣ እትዬ። ቢሆንም የእርስዎ ስሜት አልገባኝም ነበር። ዛሬ ችሎት ላይ ሲናገሩ ነው የሰማሁት። ቀድሜ ሰምቼው ቢሆን…»

«አትጽፊም ነበር?»

ፈርሂያ በቅንነት አሰበችበት። «እጽፍ ነበር» አለች። «ግን እያለቀስኩ።»

ስንዱ ሳታስበው ሣቅ አመለጣት። እንባም አብሮ መጣ፤ የትኛው እንደቀደመ አላወቀችም። «ደግሞ ጽሑፍሽ አያምርም» አለች ዓይኗን በነጠላዋ ጠርዝ እየጠረገች። «‹ሞ› የምትለዋ ጋ ቀለሙ ወርዶ ‹ም› ነው የምትመስለው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።»

«እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር እኮ!»

«እኔስ? እኔም ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ወደ ታችኛው ሰፈር የሚሄደው አውቶቡስ መጣ፣ በሩን ከፍቶ ጠበቃቸው። ስንዱ በእጇ ሂድ አለችው። ስለ ሰዓዳ ገና ልትጠይቅ ነበር፣ ፈርሂያም ስለ በላቸው የምትጠይቀው ነበራት፣ በመካከሉ ደግሞ ስለ ሰንደቁ ገና አልተስማሙም። ሁለተኛው አውቶቡስ ሲመጣም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እየተከራከሩ ነበር፤ እሱንም አሳለፉት።